“ሲስተር” ለካ የአለቃ ስም ነበር! ከምርቃት ፎቶ በኋላ ነርሶች ወዴት ይሄዳሉ?

ሰሞኑን ስልካችሁን ስትከፍቱ ምን እንደምታዩ እናውቃለን። ጥቁር ጋውን፣ አበባ፣ እያለቀሱ የሚስቁ እናቶች፣ “እንኳን ደስ ያለሽ የኔ ጀግና” የሚል ጽሑፍ። ከእነዚህ ተመራቂዎች መካከል ብዙዎቹ በነርሲንግ የተመረቁ ናቸው። በቅድሚያ እኛም እንኳን ደስ አላችሁ እንላለን! ዓመታት ያነበባችሁት፣ በአፓረንትና በፕራክቲስ ሰዓት እግራችሁ እስኪያብጥ የቆማችሁበት ነውና ይገባችኋል።

አሁን አንድ ጥያቄ እናንሳ። ስለ አንድ ልጅ “ዶክተር ሆነ” ሲባል ቀጥሎ የት እንደሚደርስ ለማሰብ አንቸገርም። ስፔሻሊስት ይሆናል፣ የክፍል ኃላፊ ይሆናል፣ ሜዲካል ዳይሬክተር ይሆናል። “ነርስ ሆነች” ሲባልስ? አብዛኞቻችን የሚታየን መርፌ ይዛ አልጋ አጠገብ የቆመች ልጅ ነች። ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ አይታየንም። አንዳንዴ ለራሳቸው ለተመራቂዎቹም አይታያቸውም።

ዛሬ የምናብራራው ይህንን መንገድ ነው። የነርሲንግ አመራር ማለት ምን ማለት ነው? ከየት ይጀምራል? የት ላይ ነው የሚቆመው? ነርስ ያልሆንን ሰዎችስ ምን አገባን? መጨረሻው ላይ የምታገኙት መልስ ሆስፒታል ተኝቶ የሚያውቅን ወይም ያስታመመን ሰው ሁሉ ይመለከታል።

የስሙ ነገር

ሆስፒታል ገብተን ሴት ነርስ ስናይ “ሲስተር” እንላለን። በደብዳቤና በማህተም ላይም “ሲ/ር” ተብሎ ይጻፋል። ወንድ ነርስ ሲሆን ደግሞ ግራ ይገባንና ብዙዎቻችን “ዶክተር” ብለን እናልፈዋለን። ለመሆኑ “ሲስተር” ከየት መጣ?

ቃሉ ሥሩ መነኮሳት ናቸው። በአውሮፓ ለረጅም ዘመን በሽተኛ የሚያስታምሙት ሴት መነኮሳት ነበሩ፣ መጠሪያቸውም “እህት” ነበር። በኋላ በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ይህ ስም ወደ ማዕረግ ተቀየረ። እዚያ “ሲስተር” የምትባለው ማንኛዋም ነርስ አልነበረችም። የአንድ ዋርድ ኃላፊ የሆነችው፣ ሌሎቹን ነርሶች የምትመድበው፣ የምትቆጣጠረውና የምትጠየቀው ነች። ከእርሷ በላይ የሆስፒታሉን ነርሶች በሙሉ የምትመራዋ ደግሞ “ሜትሮን” ትባላለች። ይህኛው ቃል በእኛም ሆስፒታሎች እስከ ዛሬ አለ።

አስቡት እንግዲህ፤ በየቀኑ “ሲስተር” እያልን የምንጠራበት ስም የአለቃ ስም ነበር ማለት ነው። ስሙን ለሁሉም አደልነው፣ ሥልጣኑን ግን አብረን አልሰጠንም።

አመራር የሚጀምረው የመጀመሪያው ሌሊት ላይ ነው

“አመራር” ሲባል ቢሮ፣ መኪና እና የሚሽከረከር ወንበር የሚመጣብን ካለን ለጊዜው እንተወው። አንድ የተመረቀ ነርስ የመጀመሪያውን የሌሊት ዱቲ ሲረከብ ምን እንደሚያደርግ እንይ።

ምሽት ላይ ርክክብ አለ። የቀኑ ነርስ ማን ቀዶ ጥገና እንደተደረገለት፣ ማን ደም እንደሚጠብቅ፣ የማን ትኩሳት እንዳልወረደ ይነግረዋል። ከዚያ በኋላ ዋርዱ የእሱ ነው። ሐኪሙ ድንገተኛ ክፍል ወይም ኦፕሬሽን ክፍል ይሆናል። ላቦራቶሪው ሌላ ህንፃ ላይ ነው። አስታማሚዎች ኮሪደር ላይ ተኝተዋል። ሁለት ታካሚ በአንድ ጊዜ ሲጣሩ ማን ይቅደም? አንድ የኦክስጅን ሲሊንደር ብቻ ካለ ለማን ይሁን? ስቶር ተቆልፎ ጓንት ቢያልቅስ? ሐኪሙን ከእንቅልፉ ልቀስቅሰው ወይስ ልጠብቅ?

እነዚህ ሁሉ የአመራር ውሳኔዎች ናቸው። ደብዳቤ የለም፣ ሹመት የለም፣ ውሳኔው ግን አለ። ለ24 ሰዓት ከታካሚው አጠገብ የማይጠፋው ባለሙያ ነርስ ስለሆነ፣ መጀመሪያ የሚያየውም፣ መጀመሪያ የሚወስነውም እሱ ነው።

ለዚህ ነው በብዙ አገሮች ለጀማሪ ነርሶች በቅድሚያ ከሚሰጡ ስልጠናዎች አንዱ “ኤስባር” የሚባለው የአነጋገር ዘዴ የሆነው። መነሻው የአሜሪካ ባሕር ኃይል እንደሆነ ይነገራል፤ በኋላ ሆስፒታሎች ወሰዱት። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሐኪም ስትጠራ አራት ነገር በቅደም ተከተል ተናገር፦ አሁን ምን እየሆነ ነው፣ ከዚህ በፊት ምን ነበር፣ አንተ ችግሩ ምን ይመስልሃል፣ ምን እንዲደረግ ትፈልጋለህ።

እስቲ በምሳሌ እንየው። አንዲት ጀማሪ ነርስ ሌሊት ስልክ አንስታ እንዲህ ልትል ትችላለች፦ “ዶክተር፣ አልጋ 6 ያሉት አባት ትንሽ ደክሟቸዋል።” ሐኪሙም “እሺ፣ እመጣለሁ” ብሎ ሌላ ሥራውን ይቀጥላል።

ወይም ደግሞ እንዲህ ልትል ትችላለች፦ “ዶክተር፣ አልጋ 6 ያሉት አባት የደም ግፊታቸው 90 በ60 ሆኗል፣ የልብ ምታቸው 120 ነው። ዛሬ ጠዋት ሆዳቸው ላይ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸዋል፤ ከሁለት ሰዓት በፊት ግፊታቸው 120 በ80 ነበር። ውስጥ ለውስጥ እየደሙ ይሆናል ብዬ እሰጋለሁ። አሁኑኑ መጥተው ይዩልኝ፤ እስከዚያ ደም እንዲዘጋጅ ልላክ?”

ልዩነቱን አያችሁት? ሁለተኛዋ ያየችውን ብቻ ሳይሆን የምታስበውንና የምትፈልገውንም ተናገረች። ሁለቱም ነርሶች እኩል ተምረው ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያዋን ዝም ያሰኛት ብዙ ጊዜ የእውቀት ማነስ አይደለም፤ “እኔ ማን ነኝና ነው እንዲህ የምለው?” የሚል ፍርሃት ነው። የነርሲንግ አመራር “ሀ” ብሎ የሚጀምረው ይህንን ፍርሃት ከማሸነፍ ነው።

አንድ ታካሚ ሲጨመር

“ይህ የሙያ ክብር ጉዳይ ነው፣ እኔን አይመለከተኝም” የሚል ካለ ቁጥሩን እንንገረው።

እ.ኤ.አ. በ2014 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ነበር። ጥናቱን የመሩት ሊንዳ ኤይከን የሚባሉ፣ ራሳቸው ነርስ የሆኑ አሜሪካዊት ተመራማሪ ናቸው። በ9 የአውሮፓ አገሮች፣ 300 ሆስፒታሎች ውስጥ የተለመዱ ቀዶ ጥገናዎች የተደረገላቸው ከ420 ሺህ በላይ ሰዎች መረጃ ታየ። ሁለት ነገር ተገኘ፦

👉 አንድ ነርስ በሚይዘው የታካሚ ቁጥር ላይ አንድ ሰው በተጨመረ ቁጥር፣ ታካሚው በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ በ7 ከመቶ ከፍ ይላል።

👉 ሆስፒታሉ ውስጥ ካሉት ነርሶች የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸው ድርሻ በ10 ከመቶ በጨመረ ቁጥር፣ ይህ የመሞት ዕድል በ7 ከመቶ ይቀንሳል።

7 ከመቶ ማለት ከመቶ ታካሚ ሰባቱ ይሞታሉ ማለት አይደለም። ቀድሞ 100 ሰው ይሞት በነበረበት ቦታ ወደ 107 ይጠጋል እንደማለት ነው። ጥናቱ የሚያሳየው ተያያዥነትን ነው፤ ብቸኛው ምክንያት ይህ ነው አይልም። ሆኖም ተመሳሳይ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ በተሠራ ጥናትም ተገኝቶ ነበር።

አሁን ወደ ነጥባችን እንምጣ። “አንድ ነርስ ስንት ታካሚ ይያዝ?” የሚለውን የሚወስነው ማነው? አልጋው አጠገብ ያለችው ነርስ አይደለችም። የሚወሰነው በጀት በሚያዝበት፣ የሰው ኃይል በሚመደብበት ስብሰባ ላይ ነው። እዚያ ስብሰባ ላይ የዋርዱን ሌሊት የሚያውቅ ሰው ከሌለ፣ ቁጥሩ ወረቀት ላይ ቁጥር ብቻ ሆኖ ያልፋል።

የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ግዛት ይህንን በሕግ አስራዋለች። ሕጉ በ1999 ወጣ፣ ተግባራዊ መሆን የጀመረው በ2004 ነው። በጽኑ ሕሙማን ክፍል አንድ ነርስ ከ2 ታካሚ በላይ እንዳይዝ፣ በመደበኛው የተኝቶ ሕክምና ክፍል ደግሞ ከ5 በላይ እንዳይዝ ይላል። ይህ ሕግ እንዲወጣ ለዓመታት የጎተጎቱት ራሳቸው ነርሶችና ማህበራቸው ናቸው። አመራር ማለት አንዳንዴ ይህ ነው፤ በየሌሊቱ የምታየውን ችግር ሕግ እስኪሆን ድረስ መከተል።

ፋኖሷን ሳይሆን ሰንጠረዡን

በየምርቃቱ የፍሎረንስ ናይቲንጌል ስም ይነሳል። ልደቷ ግንቦት 4 (እ.ኤ.አ. ሜይ 12) ዓለም አቀፍ የነርሶች ቀን ሆኖ ይከበራል። ሥዕሏን አይታችኋል፤ ሌሊት ፋኖስ ይዛ በቁስለኞች መካከል የምትዘዋወር ደግ ሴት።

ደግነቷ እውነት ነው። ዓለምን የቀየረችው ግን በፋኖሱ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1854 በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ ወደ ስኩታሪ ወታደራዊ ሆስፒታል 38 ነርሶችን ይዛ ሄደች። ከጦርነቱ በኋላ ቁጭ ብላ የሟቾችን ቁጥር አሰላች። ከቁስል ይልቅ በተላላፊ በሽታና በቆሻሻ ምክንያት የሞተው ወታደር እጅግ እንደሚበልጥ አሳየች። ባለሥልጣናት ረጅም ሪፖርት እንደማያነቡ ስለገባት ቁጥሩን በቀለም ሥዕል አድርጋ አቀረበችው። በዛሬው ቋንቋ ኢንፎግራፊክ ሠራች ማለት ነው! እ.ኤ.አ. በ1858 የእንግሊዝ የስታትስቲክስ ማህበር የመጀመሪያዋ ሴት አባል ሆነች። በ1860 ደግሞ ለንደን በሚገኘው ሴንት ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት ተከፈተ።

ስለዚህ ለተመራቂዎች “እንደ ናይቲንጌል ሁኑ” ስንል ታዛዥና ዝምተኛ ሁኑ ማለታችን ከሆነ ተሳስተናል። እሷ ዝም አላለችም። መዝግባ፣ ቆጥራ፣ ባለሥልጣን ፊት ያቀረበች ሰው ነች።

በነገራችን ላይ ተመራቂዎች የሚገቡት “የናይቲንጌል ቃለ መሐላ” ራሷ የጻፈችው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1893 በአሜሪካ ዲትሮይት ከተማ ሊስትራ ግሬተር የምትባል የነርሶች ኃላፊ የመራችው ኮሚቴ ነው ያዘጋጀው። በጥንቱ ቃል ውስጥ ነርሷ ሐኪሙን በሥራው በታማኝነት እንደምትረዳ ትምላለች። ዓለም አቀፉ የነርሶች ምክር ቤት ያወጣው የሥነ ምግባር ደንብ ግን የነርስ የመጀመሪያ ኃላፊነት እንክብካቤ ለሚያስፈልገው ሰው ነው ይላል። ከሐኪሙ ረዳትነት ወደ ታካሚው ጠበቃነት! ሙያው የተጓዘው መንገድ በእነዚህ ሁለት ጽሑፎች ውስጥ ይታያል።

የእኛ አገር ታሪክ

በኢትዮጵያ የነርሲንግ ታሪክ ሲነሳ አንዲት ወጣት መዘለል የለባትም፤ ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ። በጣሊያን ወረራ ምክንያት ቤተሰቧ እንግሊዝ አገር በስደት ሳለ፣ ለንደን በሚገኘው ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርሲንግ ተማረች። የንጉሥ ልጅ ሆና አልጋ አነጠፈች፣ ሕፃናት አጠበች፣ የሌሊት ተረኛ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1939 ፈቃድ ያላት ነርስ ሆነች። አገሯ ነፃ ስትወጣ ተመለሰች። ግን ብዙ አልቆየችም፤ በ1942 ነቀምት ላይ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር ሕይወቷ አለፈ። ገና የ22 ዓመት ወጣት ነበረች፤ የዛሬ ተመራቂዎች እኩያ። በስሟ የተሠራው መታሰቢያ ሆስፒታል በ1951 ተከፈተ፤ ዛሬ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል ብለን የምናውቀው ነው።

በዚያው ዘመን ትምህርት ቤቶቹም መከፈት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1949 የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል የነርሶች ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ላይ በያኔው ቤተ ሳይዳ፣ በአሁኑ የካቲት 12 ሆስፒታል ሥራ ጀመረ። በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ደግሞ ለየት ያለ ሐሳብ ይዞ መጣ። የጤና መኮንኖችን፣ የማህበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን እንደ አንድ ቡድን አሰልጥኖ ወደ ገጠር መላክ። ከዚያ ቡድን ውስጥ የነበረችው ነርስ ከአዲስ አበባ ርቃ፣ ያለ ስፔሻሊስት፣ ያለ ስልክ ነበር የምትወስነው። የአገራችን የነርሲንግ አመራር የተወለደው ቢሮ ውስጥ ሳይሆን እንዲህ ባለ ጤና ጣቢያ ነው ብንል አላጋነንንም።

መሰላሉ ዛሬ ምን ይመስላል?

ከምርቃት በኋላ የመጀመሪያው በር ፈተና እና የሙያ ፈቃድ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ፣ ማለፊያውም 50 ከመቶ ነው። ያለ ሙያ ፈቃድ ደግሞ ታካሚ መንካት አይቻልም። ፈቃዱም በየጊዜው ይታደሳል፣ ለማደስ ተከታታይ ስልጠና መውሰድ ያስፈልጋል።

ከዚያ በኋላ በሆስፒታል ውስጥ ያለው መሰላል በግርድፉ እንዲህ ነው፦

1ኛ፦ ዋርድ ላይ የሚሠራ ነርስ። የራሱን ታካሚዎች ይይዛል፣ ይመዘግባል፣ ያስረክባል።

2ኛ፦ የቡድን መሪ። በአንድ ፈረቃ ያሉትን ነርሶች ያስተባብራል፣ ከባዱን ታካሚ ለማን እንደሚሰጥ ይወስናል።

3ኛ፦ የዋርድ ኃላፊ ወይም ሄድ ነርስ። የወሩን የዱቲ ፕሮግራም ያወጣል፣ መድኃኒትና ዕቃ ይጠይቃል፣ የአስታማሚ ቅሬታ ይሰማል፣ አዲስ ገቢዎችን ያለማምዳል። የጥንቷ “ሲስተር” ቦታ ይህ ነው።

4ኛ፦ ሜትሮን ወይም የነርሲንግ ዳይሬክተር። የሆስፒታሉን ነርሶች በሙሉ ይመራል። ከሜዲካል ዳይሬክተሩና ከሥራ አስኪያጁ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ ያለበት ሰው ነው።

ከዚህ ጎን ለጎን ሌላም መንገድ አለ። በድንገተኛና ጽኑ ሕሙማን፣ በቀዶ ጥገና፣ በሕፃናት፣ በአእምሮ ጤና ልዩ ሙያ መያዝ፣ ሁለተኛ ዲግሪ ተምሮ ማስተማርና መመራመር ይቻላል።

አንድ እውነት እንጨምር። እ.ኤ.አ. በ2010 ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ባወጣው የሆስፒታሎች ማሻሻያ መመሪያ ላይ ነርሲንግ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ተሰጥቶት ነበር። እያንዳንዱ ሆስፒታል ግልጽ የሆነ የነርሲንግ አመራር መዋቅር እንዲኖረው ያዛል። ስለዚህ ወንበሩ ወረቀት ላይ አለ። ጥያቄው ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው በጀት ሲወሰን ድምፁ ይሰማል ወይስ ለፊርማ ብቻ ይጠራል የሚለው ነው።

መሰላሉ የሚሰበርበት ቦታ

የዓለም ጤና ድርጅት ግንቦት 2017 ላይ (እ.ኤ.አ. ሜይ 2025) የዓለምን የነርሲንግ ሁኔታ የሚያሳይ ሪፖርት አውጥቶ ነበር። በሪፖርቱ መሠረት በዓለም ላይ 29.8 ሚሊዮን ነርሶች አሉ፣ አሁንም 5.8 ሚሊዮን ይጎድላሉ። አመራርን በተመለከተ የተቀመጠው ቁጥር ደግሞ ዓይን ይስባል። ለነርሶች የአመራር ማጎልበቻ ዕድል ያላቸው አገሮች 66 ከመቶ ናቸው። ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው አገሮች ብቻቸውን ሲታዩ ግን የተደራጀ የአመራር ስልጠና የሚሰጡት 25 ከመቶዎቹ ብቻ ናቸው። ከአራት አንድ! ይህ ማለት አብዛኛው ሄድ ነርስ የሚሾመው ጎበዝ ነርስ ስለሆነ እንጂ መምራት ስለተማረ አይደለም። ሰኞ መርፌ ሲወጋ የነበረ ሰው ማክሰኞ የ20 ሰው ፕሮግራም አውጣ፣ ጠብ ዳኝ፣ ዕቃ ቁጠር ይባላል።

ሁለተኛው ስብራት የሴቶች ጉዳይ ነው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሌላ ሪፖርት በዓለም ላይ ካለው የጤና ሠራተኛ ወደ 70 ከመቶው ሴት ሆኖ ሳለ፣ ከፍተኛ አመራር ላይ ያሉት ሴቶች ግን ወደ 25 ከመቶ ብቻ ናቸው ብሏል። እኛ አገር ወንድ ነርስ ብርቅ አይደለም፤ ያም ሆኖ ልጅ ወልዳ፣ ሌሊት ዱቲ እየገባች ሁለተኛ ዲግሪ የምትማር ነርስ የምትወጣው ዳገት ከወንዱ እኩል አይደለም።

ሦስተኛው ኑሮ ነው። በዚያው በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የዱቲ ክፍያ ጥያቄ የአገር መነጋገሪያ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ተመርቀው ሥራ የሚጠብቁም አሉ። የቤት ኪራይ ያስጨነቀውን ሰው “ራዕይ ይኑርህ” ማለት ቀልድ ይመስላል።

አራተኛው ስደት ነው። ከዓለም ነርሶች ከሰባቱ አንዱ ከሚሠራበት አገር ውጭ የተወለደ ነው። ሀብታም አገሮች ውስጥ ይህ ቁጥር 23 ከመቶ ይደርሳል። በአሜሪካ ሆስፒታሎች ውስጥ አማርኛ የሚናገር ነርስ ማግኘት የሚያስገርም አይደለም፤ ብዙ ወገኖቻችን እዚያ ሄደው ነርሲንግ ተምረው፣ “ኤንክሌክስ” የሚባለውን የፈቃድ ፈተና አልፈው ይሠራሉ። መሄድ ወንጀል አይደለም፤ ማንም ላይ ጣት አንቀስርም። ግን ልምድ ያለው ነርስ በሄደ ቁጥር የሚጎድለው አንድ እጅ ብቻ አይደለም። አዲሱን ተመራቂ አጠገቡ ቆሞ “አይዞህ፣ እንዲህ አድርገው” የሚለው ሰው ነው የሚጎድለው።

ይቻላል የሚያሰኝ ምሳሌ

እ.ኤ.አ. በ2017 ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ሲሆኑ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ካደረጓቸው ሹመቶች አንዱ ዋና የነርሲንግ ኃላፊ መሾም ነበር። የተሾሙት ኤልዛቤት ኢሮ ኩክ ደሴቶች ከምትባል፣ የሕዝቧ ቁጥር የአንድ ክፍለ ከተማ እንኳን ከማይሞላ አገር የመጡ ነርስና አዋላጅ ናቸው። ከዋርድ ተነስተው የአገራቸውን የጤና መሥሪያ ቤት እስከ መምራት ደርሰው ነበር። እሳቸውን የተኩት አሚሊያ ቱይፑሎቱም ነርስ ናቸው፤ ቀደም ብለው የቶንጋ የጤና ሚኒስትር ነበሩ። ልብ በሉ፤ ነርስ፣ ከዚያም የጤና ሚኒስትር! ሁለቱም ከትንንሽ ደሴቶች ነው የተነሱት።

እነዚህ አገሮች ሀብታም ስለሆኑ አይደለም። ነርስ ሚኒስትር መሆን ይችላል ብለው ስላሰቡ ነው።

ዘንድሮ ለተመረቃችሁ

ምክር ለመስጠት እኛ ማን ነን? ዲግሪውን የያዛችሁት እናንተ ናችሁ። ግን እስካሁን ካነሳነው ታሪክ የሚወጡ አምስት ነገሮችን እናስቀምጥ።

✅ ጻፉ። ያልተመዘገበ ነገር እንዳልተሠራ ይቆጠራል። ናይቲንጌል ያሸነፈችው በመዝገብ ነው። ዋርዳችሁ ላይ በሳምንት ስንት ጊዜ ጓንት እንደጠፋ፣ ስንት ታካሚ ከአልጋ እንደወደቀ በቀላል ሠንጠረዥ ያዙ። “ችግር አለ” ከማለት “በዚህ ወር 9 ጊዜ ተከስቷል” ማለት ይሰማል።

✅ ስልክ ስታነሱ ሐሳባችሁንም ተናገሩ። “ይመስለኛል” እና “እፈልጋለሁ” የሚሉትን ሁለት ቃላት አትፍሩ።

✅ አንድ ታላቅ ፈልጉ። የሾመው ሰው ባይኖርም በየዋርዱ ሁሉም የሚጠይቃት አንዲት ሲስተር አለች። አጠገቧ ቁሙ፣ ጠይቁ።

✅ ከእናንተ በኋላ የሚመጣውን ተለማማጅ ተማሪ አታመናጭቁ። እናንተ ላይ የጮኹት ካሉ ሰንሰለቱ እናንተ ላይ ይበጠስ። የመጀመሪያው የምትመሩት ሰው እሱ ነው።

✅ ስብሰባ ላይ ኋላ አትቀመጡ። የሙያ ማህበር ውስጥ ግቡ፣ መመሪያዎችን አንብቡ። የሆስፒታላችሁ መመሪያ ለነርሲንግ አመራር ምን መብት እንደሚሰጥ ካላወቃችሁ ማንም አይነግራችሁም።

እኛ ታካሚዎችና አስታማሚዎችስ?

የሚገርመው ነገር እኛም በዚህ ጉዳይ ላይ ድርሻ አለን። ነርስ ሲያስረዳን “ዶክተሩ ራሱ ይንገረን” ብለን ስናቋርጥ፣ ያንን ነርስ ከታካሚው ፊት ዝቅ እያደረግነው ነው። ስሙን ጠይቁት። “ሲስተር” ከማለት “ሲስተር” ብሎ ስሟን መጨመር ምንም አያስከፍልም። ሐሳብ መስጫ ሳጥን ወይም የቅሬታ መዝገብ ካለ ያመናጨቀንን ብቻ ሳይሆን ሌሊቱን ሙሉ የቆመልንንም እንጻፍ። ያ ወረቀት ዕድገት ሲታሰብ ጠረጴዛ ላይ ሊቀርብ ይችላል።

ወላጆችም ብትሆኑ ልጃችሁ ነርሲንግ ደርሶት “ሜዲስን ሳይደርሰው ቀርቶ ነው” እያላችሁ ለጎረቤት ይቅርታ አትጠይቁ። ልጁ የተመደበው የተረፈ ሙያ ላይ አይደለም።

በመጨረሻ አንድ ነገር እንበል። የዛሬ 15 እና 20 ዓመት አብዛኞቻችን ወላጆቻችንን ይዘን ሆስፒታል መግባታችን አይቀርም። ያን ቀን ሌሊት ዋርዱ ላይ ስንት ነርስ እንዳለ፣ ኦክስጅኑ መኖር አለመኖሩን፣ ተረኛዋ ስትጠራ ሐኪሙ መምጣት አለመምጣቱን የሚወስነው ያኔ የነርሲንግ ኃላፊ የሚሆነው ሰው ነው። ያ ሰው ዘንድሮ ከተመረቁት አንዱ ነው። ምናልባት ዛሬ ጠዋት ፎቶውን ላይክ አድርጋችሁለታል።

እንግዲህ “እንኳን ደስ አለህ” ብላችሁ የጻፋችሁለት ነርስ ካለ ይህንን ጽሑፍም ላኩለት። ነርስ የሆናችሁ ደግሞ የመጀመሪያውን የሌሊት ዱቲያችሁን እንዴት እንዳሳለፋችሁ አካፍሉን፤ ለዘንድሮ ተመራቂዎች ከእኛ ጽሑፍ ይልቅ የእናንተ ልምድ ይጠቅማቸዋል።

ለሁላችሁም መልካም የሥራ ዘመን!